ከገበያ የወጣው የአለርጂ ክኒንና የታካሚው መብት

(በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ጊዜያችሁን ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በሙያዬ ፋርማሲስት ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም። የሕጉን ክፍል ሙያው ካላቸው ሰዎች ጋር ተነጋግሬበት ነው ያዘጋጀሁት። ቢሆንም ዛሬ የምትሰሙት ጠበቃ ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ለማወቅ ይረዳችኋል እንጂ የጠበቃን ምክር አይተካም።

በዚህ አካባቢ ሚያዝያ ሲገባ ዛፉ ሁሉ ብናኙን ይለቃል፤ መኪናውና ደጁ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። አገር ቤት ሳለ አስነጥሶ የማያውቅ ሰው እዚህ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ዓይኑ ማሳከክ፣ አፍንጫው መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ የአለርጂ ክኒን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ክኒኑን እንደ መድኃኒት የምንቆጥረው ሰዎችም ጥቂቶች ነን። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የግፊቱን እንናገራለን፣ የስኳሩን እንናገራለን፤ የአለርጂውን ግን እንረሳዋለን። ዛሬ የመጣሁት ይህ መርሳት ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜ በግልጽ ስለታየበት ክኒን ልነግራችሁ ነው።

ክኒኑ ተርፈናዲን ይባላል። የንግድ ስሙ ሴልዴን ነበር። ሜሬል ዳው የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1985 የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ ለገበያ አቀረበው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ቤናድሪል፣ ወደ አንጎል ዘልቀው ይገባሉ፤ አፍንጫን ሲያደርቁ ሰውየውን ያስተኛሉ። ሴልዴን ግን አያስተኛም። በዚያ ዘመን በዚህ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ ያድሩ ለነበሩት ወገኖቻችን እንቅልፍ የማያመጣ ክኒን ምን ያህል በረከት እንደነበረ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። እስከ 1990 ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ወስደውታል። ሐኪሞችም ታካሚዎችም ጉዳት የለሽ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ጥርጣሬውን የቀሰቀሰው ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በቤተስዳ ከተማ፣ በባሕር ኃይሉ ሆስፒታል የታየ ሕመም ነው። አንዲት የ39 ዓመት ሴት ልቧ በኃይል እየመታ፣ ራሷን እየሳተች መጣች። ሴልዴን ታዞላት በታዘዘላት መጠን፣ 60 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ትወስድ ነበር። በመካከሉ የብልት ፈንገስ ሕመም ሲነሳባት ኬቶኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ ክኒን በራሷ ፈቃድ ጀመረች። የልቧ ምርመራ ሲነሳ ልብ ከምት በኋላ ተመልሶ ለሚቀጥለው ምት የሚዘጋጅበት ጊዜ እጅግ ተራዝሞ 655 ሚሊሰከንድ ደርሶ ተገኘ። በጤነኛ ሴት ከ460 ገደማ ማለፍ አልነበረበትም። ልቧ ሐኪሞች ቶርሳድ ደ ፗንት ወደሚሉት አደገኛ ምት ይገባ ነበር፤ ይህ ምት ካልቆመ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሴትየዋ ተረፈች። ሐኪሞቿ ያዩትን ጽፈው በ1990 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡት።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። ሴትየዋ መጠኑን አላበዛችም። ጊዜው ያለፈበት ክኒን አልወሰደችም። ሁለቱም መድኃኒቶች ለየብቻቸው ብዙ ሺህ ሰው በሰላም የሚወስዳቸው ነበሩ። አደጋው የተፈጠረው በመገናኘታቸው ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ተርፈናዲን እንደ ተዋጠ በሆድና በጉበት በኩል ሲያልፍ አንድ ኢንዛይም ይቀበለውና ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። አለርጂውን የሚያስታግሠው በእርግጥ ይህ የተለወጠው ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያልተለወጠውን ተርፈናዲን ለመለካት እንኳ ያስቸግራል። ኢንዛይሙን እንደ አንድ ጠባብ ድልድይ አስቡት። ኬቶኮናዞል ሲመጣ ድልድዩን ይዘጋዋል። ኤሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም ያው ነው፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ ድልድዩ ራሱ የተበላሸ ነው፤ የግሬፕፍሩት ጭማቂ እንኳ በከፊል ይዘጋዋል። በዚያ ጊዜ ያልተለወጠው ተርፈናዲን በደም ውስጥ ይከማቻል። በ1993 በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ሬይመንድ ዉዝሊና ባልደረቦቻቸው ይህ ያልተለወጠው ንጥረ ነገር በልብ ጡንቻ ላይ ፖታሲየም የሚያልፍባቸውን መተላለፊያዎች እንደሚዘጋ አሳዩ። ፖታሲየሙ በጊዜው ካልወጣ ልብ ለሚቀጥለው ምት መዘጋጀት አይችልም። የተለወጠው ንጥረ ነገር ግን መተላለፊያዎቹን እንደዚያ አይዘጋም። ዛሬ አሌግራ እያላችሁ የምትገዙት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፌክሶፈናዲን የሚባለው፣ ያው ነው። ማለትም ጥቅሙን የሚሰጠው ክፍል ለብቻው ወጥቶ መድኃኒት ሆነ፤ አደገኛው ክፍል ቀረ።

ታዲያ ይህ ከታወቀ በኋላ ሴልዴን ወዲያው ከገበያ ወጣ ወይ? አልወጣም። በሐምሌ 1992 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ጥቁር ክፈፍ ያለው፣ ከሁሉ የከበደው ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ለሐኪሞች ደብዳቤ ተላከ። በ1996 ፌክሶፈናዲን ተፈቀደ። በጥር 1997 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የሴልዴንን ፈቃድ ሊሰርዝ እንዳሰበ አስታወቀ፤ ምክንያቱ ያው ጥቅም ያለ አደጋው በሌላ ክኒን መገኘቱ ነበር። ሜሬል ዳውን ያጠቃለለው ኩባንያ ክኒኑን ከገበያ ለማንሣት መወሰኑ የተገለጸው በታኅሣሥ 1997 መጨረሻ፣ የአፍንጫ መጨናነቅን የሚያስታግሠው አሌግራ ዲ በተፈቀደበት ሰሞን ነው። ማከፋፈሉ በየካቲት 1998 መጀመሪያ ቆመ። የክኒኑ ወንድም የሚባለው ሂስማናል፣ ማለትም አስተሚዞል፣ በተመሳሳይ የልብ ችግር ምክንያት በ1999 ተከተለው።

ከጥቁሩ ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው ከአምስት ዓመት በላይ ነው። በዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ይህን ያህል መቆየት አልነበረበትም። «ማስጠንቀቂያ ተጽፏል» የሚለው መልስ የሚያረካው የጻፈውን ሰው ነው። በ1996 በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ተመራማሪዎች ወደ 50 መድኃኒት ቤቶች ሁለት ማዘዣ ይዘው ሄዱ፤ አንዱ የሴልዴን፣ ሌላው የኤሪትሮማይሲን። ማስጠንቀቂያው ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከመድኃኒት ቤቶቹ ሲሶ ያህሉ ሁለቱን አንድ ላይ ያለ አንዳች ቃል ሰጡ። ይህ ውጤት ለሙያዬ ሰዎች ያማል፤ እኔንም ያመኛል። የኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚጮህ እጅ በልማድ ያልፈዋል። ሰልፉ ረዝሟል፤ ስልኩ ይደውላል። በዚህ መካከል ታካሚው ማዘዣዎቹን ከሁለት የተለያዩ መድኃኒት ቤቶች ወስዶ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩም አያውቅም። ቋንቋው የማይገባው ታካሚ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ቢሰጠው እንኳ አይደርሰውም።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት የጤና መድኅን የሚቀበል ተቋም ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ውስጥ ይገባል። እናቶቻችን ሐኪም ቤት ሲሄዱ የ12 ዓመት ልጅ ይዘው የሚሄዱት ለማስተርጐም ነው። ልጁ ስለ ማሕፀን ሕመም ምን ብሎ ይተርጕም? እናትየዋስ በልጇ ፊት ምን ብላ ትናገር? ያቺ የቤተስዳ ሴት ክኒኑን በራሷ የጀመረችበት ሕመም ሰው ፊት የማይነሳ ዓይነት ነበር። የእኛ እናቶችና እኅቶች እንዲህ ያለውን ነገር ይበልጥ ይደብቃሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል፤ «አማሪክ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ጠይቁ።

ከሴልዴን በኋላ የመድኃኒት ምርመራው ራሱ ተለውጧል። ዛሬ አዲስ መድኃኒት የልብን የፖታሲየም መተላለፊያ ይዘጋ እንደሆነ በቤተ ሙከራ ይፈተሻል፤ በ2005 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ደግሞ በሰው ላይ የልብ ምቱን መራዘም የሚለካ ጥናት እንዲደረግ አዟል። በዚህ ምክንያት ወደ ገበያ ሳይደርሱ የቀሩ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልብን በዚህ መንገድ የሚነኩ መድኃኒቶች ከመደርደሪያ ሁሉ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ጥቅማቸው ስለሚበልጥ በጥንቃቄ እንዲሰጡ ተደርገው ቀርተዋል። ሃይድሮክሲዚን የተባለው ለማሳከክ የሚታዘዘው የአለርጂ መድኃኒት አንዱ ነው። አዚትሮማይሲን አለ። አገር ቤት ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም ከእነዚሁ ይቆጠራል። ብቻቸውን በትክክል ሲታዘዙ ብዙ ሰው ይፈውሳሉ፤ ሁለትና ሦስቱ ሲደራረቡ ወይም ሰውየው በተቅማጥና በትውከት ፖታሲየሙ ሲወርድ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ከዚህ ላይ ወደ ሕጉ ልሻገር። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መድኃኒቱ ከገበያ ከወጣ ጥፋተኛ መሆናቸውን አመኑ ማለት አይደለም ወይ? ታዲያ ካሳ ለምን አይከፍሉም?» ይላሉ። አይደለም። መድኃኒት ከገበያ መውጣቱ በራሱ ክስ አያሸንፍም። ይህን በሚገባ የሚያሳይ ታሪክ ያለው ደግሞ ያው ሴልዴንን ለገበያ ያቀረበው ኩባንያ፣ ሜሬል ዳው፣ ዘንድ ነው።

ኩባንያው ከ1956 ጀምሮ ቤንዴክቲን የተባለ የእርጉዞችን ማቅለሽለሽ የሚያስታግሥ ክኒን ይሸጥ ነበር። በውስጡ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ዶክሲላሚን ነው፤ እርሱም ያው የአለርጂ መድኃኒት ዘር ነው። ከ30 ሚሊዮን የሚበልጡ ሴቶች ወስደውታል። ልጆቻቸው አካለ ጎደሎ ሆነው የተወለዱባቸው ወላጆች ክኒኑ ነው ብለው ከሰሱ፤ ክሱ በዛ፤ ኩባንያው በ1983 ክኒኑን ከገበያ አነሳው። ከዚያ በኋላ የተጠራቀሙት ጥናቶች ግን ክኒኑ ጽንስን እንደሚጎዳ አላሳዩም። ይኸው ጥምረት በ2013 ዲክሌጂስ በሚል አዲስ ስም ተፈቅዶ ተመለሰ፤ ዛሬም እርጉዞች ይወስዱታል። ከእነዚያ ክሶች አንዱ፣ ዶበርት የተባሉት ቤተሰቦች ያቀረቡት፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1993 የተሰጠው ውሳኔ እስከ ዛሬ ድረስ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርበውን የመድኃኒት ክስ ሁሉ ይገዛል። የፌዴራል ዳኛ የባለሙያ ምስክር የሚያቀርበው ሳይንስ የታመነ መሆኑን አስቀድሞ ይመረምራል፤ ካላመነበት ባለሙያው ለመማክርቱ፣ ማለትም ጁሪ ለሚባሉት ፍርድ ሰጪ ዜጎች፣ ቃሉን አይሰጥም። ለከሳሽ ይህ ማለት መድኃኒቱ ይህን ዓይነት ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ከዚያም እርሱን በተለይ የጎዳው ያ መድኃኒት መሆኑን ሁለቱንም በማስረጃ ማሳየት አለበት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳይንቲስቶች ያስረዱለታል። ሁለተኛውን የሚያስረዳለት የራሱ ወረቀት ነው። የትኛውን ክኒን፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር፣ ከዚያስ ምን ሆነ?

ስለዚህ አንድ ወረቀት ሁለት ሥራ ይሠራል እላለሁ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የምትገዙትንም፣ ቫይታሚኑንም፣ ባህላዊውንም ጭምር የጻፋችሁበት ዝርዝር ሐኪሙ ፊት ሲዘረጋ ልባችሁን ይጠብቃል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ መብታችሁን ይጠብቃል። ማዘዣችሁን በአንድ መድኃኒት ቤት ብቻ ማሞላትም እንዲሁ ነው፤ ታሪካችሁ በአንድ ቦታ ይከማቻል።

የሚከሰሰው ማን ነው? አንደኛው አምራቹ ነው። ክኒኑ ሲሠራ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ አሠራሩ ከመነሻው አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ክስ የሚነሣው ግን አደጋውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በበቂ አላስጠነቀቀም በሚለው ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሐኪም ማዘዣ በሚሰጥ መድኃኒት አምራቹ ማስጠንቀቅ ያለበት በአብዛኛው ሐኪሙን ነው፤ ሐኪሙን በሚገባ ካስጠነቀቀ እናንተ ባትሰሙትም ግዴታውን እንደ ተወጣ ይቆጠራል። ወደ ሴልዴን ስንመልሰው ነገሩ ይገለጻል። ከ1992 በፊት ጉዳት የደረሰበት ሰው «አላስጠነቀቃችሁም» ብሎ አምራቹን ሊይዝ ይችላል። ከጥቁሩ ማስጠንቀቂያ በኋላ የተጎዳ ግን ጥያቄው ይበልጥ የሚዞረው ሁለቱን አንድ ላይ ወዳዘዘው ሐኪምና ወደ ሰጠው መድኃኒት ቤት ነው። ይህም የሕክምና ስሕተት ክስ ስለሚሆን ሥርዓቱም ጊዜውም ይለያል።

በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው የዋይዝና የሌቪን ጉዳይም የአለርጂ መድኃኒትን ይመለከታል። ፕሮሜታዚን ለአለርጂም ለማቅለሽለሽም የሚሰጥ ነው። በቬርሞንት የምትኖር አንዲት ሙዚቀኛ ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ሐኪም ቤት ሄዳ መድኃኒቱ በመርፌ ወደ ደም ሥር በቀጥታ ሲገፋላት የደም ቅዳ ነካ፤ ክንዷ ሞተ፤ ተቆረጠ። ከሐኪም ቤቱ ጋር ተስማማች፤ አምራቹን ግን ከሰሰች። ኩባንያው «መግለጫውን መንግሥት ፈቅዶልናል» ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ የመንግሥት ፈቃድ ኩባንያውን ከኃላፊነት አያድነውም፤ መግለጫውን ማጠናከር ይችል ነበር ብሎ ወሰነ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ካሳ ጸና። ይህ ለታካሚ ትልቅ ድል ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን በ2011 ያው ፍርድ ቤት በፕሊቫና በሜንሲንግ ጉዳይ የጄኔሪክ መድኃኒት፣ ማለትም የንግድ ስም ካለው ዋናው መድኃኒት ጋር አቻ የሆነው ርካሹ፣ አምራቾች መግለጫቸው ከዋናው ጋር አንድ እንዲሆን ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው «አላስጠነቀቃችሁም» ተብለው በክፍለ ግዛት ሕግ ሊከሰሱ አይችሉም አለ። አስቡት። አንድ ዓይነት ክኒን፣ አንድ ዓይነት ጉዳት፤ አንዱ የንግድ ስም ያለውን ስለ ወሰደ ይከስሳል፤ ሌላው ርካሹን ስለ ወሰደ በሩ ይዘጋበታል። እኛ ደግሞ በአብዛኛው የምንወስደው ጄኔሪኩን ነው። ይህን ፍርድ ትክክል ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ነገር ግን ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ብዙ ጊዜ የአምራቹ ስም ተጽፎ ስለሚገኝ ጠርሙሱን አትጣሉ። ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።

ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ጊዜ ስለሚያበቃበት፣ በተለይ ልናገር፤ ከምንም በላይ ወገኖቻችን መብታቸውን የሚያጡት በዚህ ነውና። በሜሪላንድና በዲሲ ለአብዛኛው የጉዳት ካሳ ክስ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ ጉዳቱና ምክንያቱ ወዲያው በማይታወቅበት ጊዜ ቆጠራው ሲታወቅ ወይም መታወቅ ሲገባው ሊጀምር ይችላል። በቨርጂኒያ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ቆጠራውም በአብዛኛው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ይጀምራል። ሰው ከሞተ ቤተሰቡ የሚያቀርበው ክስ በዲሲ የሁለት ዓመት ነው። ድልድይ ተሻግሮ መኖር የአንድ ዓመት ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። ደግሞም በእነዚህ ሦስት ግዛቶች በቸልተኝነት ላይ የተመሠረተ ክስ ላይ ተጎጂው ራሱ ጥቂትም ቢሆን ጥፋት ካለበት በአጠቃላይ ካሳውን ሊያጣ ይችላል፤ ከአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የከበደ ሕግ ነው። ያልታዘዘልኝን ክኒን ከጎረቤት ወሰድሁ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ስለ ክስ ማሰብ ነውር ይመስለዋል። አርባው ይውጣ፣ ሰማንያው ይውጣ፣ ሙት ዓመቱ ይለፍ እያለ ጊዜው ያልቃል። ጠበቃን ማነጋገር ሟቹን አያዋርድም። የዚህ ዓይነት ጠበቆች በአብዛኛው የመጀመሪያውን ምክክር በነፃ ያደርጋሉ፤ ክፍያቸውንም ከተገኘው ካሳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሲሶውን ያህል፣ ይወስዳሉ፤ ካልተገኘ ክፍያ የለም። ነገር ግን የባለሙያና የፍርድ ቤት ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለውን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ውሉንም በምትረዱት ቋንቋ አስነብቡ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የሌለው ሰውም ለደረሰበት ጉዳት የካሳ ክስ ማቅረብ ይችላል። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ብዙ ሰው በፍርሃት ዝም ስለሚል። በብዙ ሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ሲደርስ ክሶቹ በአንድ ዳኛ ፊት ይሰበሰባሉ፤ ስለ ክሱ በፖስታ የሚመጣው ማሳወቂያ የንግድ ማስታወቂያ መስሏችሁ አትቅደዱት፤ የምላሽ ቀን አለው።

ከክሱ ጎን ሌላ በር አለ፤ ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አይጠይቅም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ከ1993 ጀምሮ ሜድዎች በሚባል አሠራር የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት ከማንም ሰው ይቀበላል። ታካሚው ራሱ መጻፍ ይችላል። በቅርቡ በግንቦት 2025 ብዙዎቻችን የምንገዛቸው ዚርቴክና ዛይዛል ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ በኋላ ሲቋረጡ ብርቱ ማሳከክ ሊያመጡ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ የወጣው ከእንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ተነሥቶ ነው። ልብን የሚያሰጋ አይደለም፤ ሐኪምን አማክሮ የሚፈታ ነገር ነው። ግን ያሳወቁት ሰዎች ባይጽፉ ኖሮ ማሳከኩን አለርጂው ተመልሶ መጣ እያሉ ክኒኑን ዕድሜ ልክ ይወስዱት ነበር።

ከአድማጮች የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ስለ አገር ቤት ነበር። አንዲት እናት «በየዓመቱ ለእኅቴ የአለርጂ ክኒን በሻንጣ እልካለሁ፤ ጉዳት አለው?» ብለው ጠየቁኝ። የጠየቁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። እትዬ፣ ደግነትዎን አልነቅፍም። የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፤ አንድ መድኃኒት ከገበያ ሲሰበሰብ መልእክቱ ከአምራቹ ወደ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ታካሚው ይሄዳል። በሻንጣ የሄደ ክኒን በዚህ መስመር ውስጥ የለም። እኅትዎን የሚነግራት ሰው አይኖርም። የሚያክማት ሐኪምም ክኒኑ መኖሩን አያውቅም፤ ኤሪትሮማይሲን ሊያዝላት ይችላል።

በኢትዮጵያ ሕግም መብት አለ። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ እያቀረበ የሚያተርፍ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ቁጥር 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የገባ ክኒን ቢጎዳት እኅትዎ አዲስ አበባ ላይ ማንን ትከስሳለች?

የግድ መላክ ካለብዎ ክኒኑን ከነካርቶኑና ከነመግለጫው ይላኩ፤ አውጥተው በፌስታል አይቋጥሩት። የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑን፣ የሚያልፍበትን ቀን በአማርኛ ጽፈው ካርቶኑ ላይ ይለጥፉ። ከዚያ ለእኅትዎ ደውለው ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ያንን ካርቶን ይዛ እንድትሄድ ይንገሯት። አንዳች ነገር ከተሰማት ደግሞ ክኒኑን አቁማ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ የስልክ መስመሩ በ8482 ሪፖርት ይቀበላል።